የእርጎው ሊቅ ኢልያ ሜችኒኮፍ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ ደጋውንና ወይና ደጋውን እየለቀቀ በመጨረሻ ሞቃቱ የመተማ ቆላ ላይ ይደርሳል። ከመተማ ማዶ ጋላባት አለች። ከጋላባት ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚቀጥለው መንገድ ደግሞ የምሥራቅ ሱዳን ታላቅ የእህል ገበያ ወደሆነችው ወደ ገዳሪፍ ያደርሳል። ይህ አካባቢ የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው። ድንበሩ ሕዝቡን በሁለት መንግሥታት ሥር ቢከፍለውም ማዕዱን ግን ፈጽሞ አልለየውም።

በመተማ በኩል የማሽላ ሊጥ በእርሾ ቦክቶ በምጣድ ላይ እንጀራ ይሆናል። በገዳሪፍ በኩል ያው የማሽላ ሊጥ ቦክቶ እንደ ወረቀት የሳሳ ኪስራ ይሆናል። በዚህ በኩል ወተት ረግቶ ሲናጥ ቅቤው ይወጣና አሬራ ይቀራል፤ በዚያ በኩል ይኸው አሬራ ሮብ ይባላል። በቡጣና ሜዳ ላይ የሚዘዋወሩት ግመል አርቢዎች የግመል ወተት በቆዳ ስልቻ ሞልተው በግመሉ ኮርቻ ላይ ያንጠለጥሉታል፤ ወተቱ በጉዞው እየተናጠ ይኮመጥጥና ጋሪስ የተባለው መጠጥ ይሆናል። ለረመዳን ጾም ማፍጠሪያ የሚዘጋጀው ሁሉ ሙር ደግሞ ከማሽላ ብቅል የሚሠራ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ሕዝብ በችግር ዘመን ብዙ ጊዜ ተመላልሶበታል። በ1984 እና በ1985 በነበረው ድርቅ፣ ኋላም በ2020 በተነሣው ጦርነት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ገዳሪፍ ግዛት ተሰደው ኡም ራኩባ በተባለው መጠለያ ሰፍረዋል። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በሱዳን በተነሣው ጦርነት ምክንያት ሱዳናውያን በጋላባት በኩል ወደ መተማ ተሻግረዋል። (በዚህ ምንባብ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰው አገሩን ሲለቅ ቤቱን፣ እርሻውንና ከብቱን ጥሎ ይሄዳል፤ የማቡካትና የማርጋት ልማዱን ግን ይዞት ይሄዳል።

ለመሆኑ ሊጡን የሚያቦካው፣ ወተቱንስ የሚያረጋው ምንድን ነው? በሰው ሆድ ውስጥ ገብቶስ ምን ይሠራል? ይህን ጥያቄ በሳይንስ መንገድ አጥብቀው ከጠየቁት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ፣ ኑሮው ከዚህ አገር እጅግ የራቀ፣ ኢልያ ሜችኒኮፍ የተባለ ሊቅ ነበር።

ሜችኒኮፍ በ1845 በካርኮፍ ከተማ አጠገብ በምትገኝ የገጠር መንደር ተወለደ። አገሩ ዛሬ ዩክሬን ሲሆን በዚያን ጊዜ ግን በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ነበር። አባቱ በንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ ጦር ውስጥ መኮንን ነበረ። ኢልያ ከአምስት ልጆች የመጨረሻው ሲሆን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዕፀዋትንና ነፍሳትን መመርመር ይወድ ነበር። ስለ አበቦች የተማረውን ለመንደሩ ልጆች ለማስተማር ሲፈልግ፣ ልጆቹ እንዲያዳምጡት ከኪሱ ሳንቲም እያወጣ ይከፍላቸው እንደነበረ የሕይወት ታሪኩን የጻፈችው ባለቤቱ ታወሳለች።

በካርኮፍ ዩኒቨርስቲ አራት ዓመት የሚፈጀውን ትምህርት በሁለት ዓመት ጨርሶ በ19 ዓመቱ ተመረቀ። ከዚያም ወደ ጀርመንና ወደ ኢጣልያ ሄዶ የባሕር እንስሳት ከእንቁላል ተነሥተው እንዴት እንደሚያድጉ አጠና። በ1867 ከጓደኛው ከአሌክሳንደር ኮቫሌቭስኪ ጋር የከፍተኛ ምርምር ሽልማት ተካፈለ። በዚያው ዘመን ገና በ22 ዓመቱ በኦዴሳ ዩኒቨርስቲ አስተማሪ ሆነ፤ ከተማሪዎቹም አንዳንዶቹ በዕድሜ ይበልጡት ነበር።

ይሁን እንጂ የወጣትነቱ ዘመን በኀዘን የተሞላ ነበር። በ1869 ሉድሚላ ፌዶሮቪች የተባለች ወጣት አገባ። ሙሽራዪቱ በሳንባ ነቀርሳ ታማ ስለነበር፣ በሠርጓ ቀን በእግሯ መራመድ ተስኗት በወንበር ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን አስገቧት። ሜችኒኮፍ እርሷን ለማዳን ያላደረገው ጥረት አልነበረም። ሞቃት አየር ይሻላታል ተብሎ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ወደምትገኘው ወደ ማዴይራ ደሴት ወሰዳት። እርሷ ግን በ1873 በዚያው አረፈች። ብዙ መመልከቻ መሣሪያ ላይ ከመዋሉ የተነሣ ዓይኖቹ ደክመው ሥራውን እንኳ መቀጠል አቅቶት ነበርና፣ ኀዘኑ ከአቅሙ በላይ ሆነበት። ሕይወቱን ለማጥፋት እስከ መሞከር ደረሰ፤ ነገር ግን ተረፈ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኦልጋ ቤሎኮፒቶቫ የተባለች ተማሪውን አገባ። ኦልጋ በ1880 በታይፎይድ በሽታ በጠና ታመመች። የፊተኛው ኀዘን የተመለሰ መስሎት የተጨነቀው ሜችኒኮፍ እንደገና ተስፋ ቆረጠ። በዚህ ጊዜ በአገራችንም በሰፊው የሚታወቀው የግርሻ በሽታ በደም ይተላለፍ እንደሆነ ለማወቅ፣ በበሽታው የተያዘ ሰው ደም ወስዶ በራሱ ሰውነት ውስጥ ወጋ። ሊሞት ተቃርቦ ዳነ። ኦልጋም ዳነች። ከዚህ በኋላ የሜችኒኮፍ አስተሳሰብ ተለወጠ። ሁለት ጊዜ ሕይወቱን ሊጥላት የደረሰው ሰው ቀሪውን ዘመኑን ሁሉ ሕይወት እንዴት እንደምትጠበቅ ለመመርመር አዋለው።

በ1882 በኦዴሳ ዩኒቨርስቲ ውስጥ በተነሣው የፖለቲካ ሁከት ምክንያት ሥራውን ለቅቆ፣ በሲሲሊ ደሴት ወደምትገኘው ወደ ሜሲና ከተማ ከቤተሰቡ ጋር ሄደ። የዓለም ዝናው የተወለደው በዚያ ነው። አንድ ቀን ቤተሰቡ የሰለጠኑ ዝንጀሮዎችን ለማየት ወደ ሰርከስ ሲሄዱ እርሱ ብቻውን ቤት ቀረ። በማጉያ መነጽሩ ሥር እንደ ብርጭቆ ብርሃን የሚያሳልፉ የባሕር ኮከብ እጮችን ይመለከት ነበር። በእጮቹ ሰውነት ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚንቀሳቀሱትን ሕዋሳት ሲያይ ድንገት አንድ ሐሳብ መጣለት፤ እነዚህ ሕዋሳት ሰውነትን ከውጭ ጠላት የሚጠብቁ ዘበኞች ይሆኑን? ብሎ ራሱን ጠየቀ። ወደ አትክልቱ ስፍራ ወጥቶ የጽጌረዳ እሾህ ቆረጠና በእጮቹ ሰውነት ውስጥ ሰካው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። በማግስቱ ጠዋት ሲመለከት ተንቀሳቃሾቹ ሕዋሳት እሾሁን ከብበው አገኛቸው።

ከዚህ ተነሥቶ በሰው ደም ውስጥ ያሉት ነጭ ሕዋሳት ወደ ሰውነት የሚገቡትን የበሽታ ተሐዋስያን እየዋጡ የሚያጠፉ መሆናቸውን አስተማረ። ብዙ የጀርመን ሊቃውንት ተቃወሙት። እነርሱ ሰውነትን የሚጠብቀው በደም ፈሳሽ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር እንጂ ሕዋስ አይደለም ይሉ ነበር። ክርክሩ ከ20 ዓመት በላይ ቆየ። በመጨረሻ ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት እንደያዙ ታወቀ። ስለዚህ የ1908 የኖቤል ሽልማት ለሜችኒኮፍና የፈሳሹን ክፍል ላጠናው ለጀርመናዊው ለፓውል ኤርሊኽ በጋራ ተሰጠ።

ሜችኒኮፍ ከ1886 ጀምሮ በኦዴሳ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚሰጥበትን ተቋም ይመራ ነበር። የሐኪምነት ዲፕሎማ ስላልነበረው የከተማው ሐኪሞች አልተቀበሉትም። በ1888 ወደ ፓሪስ ሄደ፤ ታላቁ ሉዊ ፓስተርም በስሙ በተሠራው አዲስ ተቋም ውስጥ የምርምር ክፍል ሰጠው። ሜችኒኮፍ እስከ ዕለተ ሞቱ ከዚያ አልወጣም።

ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ ሰው ለምን ያረጃል የሚለውን ጥያቄ ማጥናት ጀመረ። የእርጅናን ጥናት ዛሬ የሚጠራበትን ጄሮንቶሎጂ የሚለውን ስም በ1903 ያወጣውም እርሱ ነው። በእርሱ አስተሳሰብ እርጅናን የሚያፋጥነው በትልቁ አንጀት ውስጥ ያለው ብስባሽ ነበር። በዚያ የሚኖሩት ተሐዋስያን መርዝ እያመነጩ ደምን ይበክላሉ፤ መርዙም ቀስ በቀስ ሰውነትን ያደክማል ብሎ አመነ። ወተት ሲረጋ የሚፈጠረው ኮምጣጣ አሲድ ብስባሽን እንደሚከላከል ያውቅ ነበር። በቡልጋሪያ ገጠር ደግሞ እርጎ የዘወትር ምግብ እንደሆነና በዚያ ዕድሜ ጠገብ ሰዎች እንደሚበዙ ሰማ። በ1905 ስታመን ግሪጎሮፍ የተባለ ቡልጋሪያዊ የሕክምና ተማሪ በጄኔቫ ሆኖ የአገሩን እርጎ የሚያረጋውን ባክቴሪያ ባገኘ ጊዜ፣ ሜችኒኮፍ ወደ ፓሪስ ጠርቶ ግኝቱን እንዲያስረዳ አደረገው።

ሜችኒኮፍ ሐሳቡን ከ1904 ጀምሮ በትምህርታዊ ንግግር ገለጸ፤ በ1907 ደግሞ ስለ ዕድሜ መራዘም በጻፈው መጽሐፍ አስፋፋው። ራሱም በየቀኑ የረጋ ወተት ይጠጣ፣ ከመጠጥና ከትምባሆ ይርቅ፣ ጥሬ ምግብም አይቀምስ ነበር። ወሬው በአውሮፓና በአሜሪካ በፍጥነት ተሰራጨ። ነጋዴዎች የረጋ ወተትን የዕድሜ ማራዘሚያ መድኃኒት እያሉ መሸጥ ጀመሩ። አንዳንድ ቀዶ ሐኪሞች ደግሞ ትልቁ አንጀት ጎጂ ነው በሚለው ሐሳብ ተስበው የሕሙማንን አንጀት እስከ መቁረጥ ደረሱ። ሜችኒኮፍ የረጋ ወተት ተአምረኛ መድኃኒት ነው እንዳላለ ቢያስታውቅም፣ ተስፋ የጠማው ሕዝብና ትርፍ የጠማው ነጋዴ አላዳመጡትም።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የምርምር ቤቱ ወጣቶች ወደ ጦር ግንባር ሄዱና ቤቱ ባዶ ሆነ። የልብ በሽታ የያዘው ሜችኒኮፍም በ1916 በ71 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ዐረፈ። የሕመሙን ምልክት እስከ መጨረሻው እየተከታተለ ይመዘግብ ነበር። የአስከሬኑ ዐመድ በፓስተር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። መቶ ዓመት ይኖራል ብለው የጠበቁት ሰዎች እርጎው አላዳነውም ብለው ተሳለቁ። ነገር ግን የአንድ ሰው ሞት የአንድን ሐሳብ ሐሰትነት አያስረዳም፤ የአንድ መንደር ሰዎች ረጅም ዕድሜም የሐሳቡን እውነትነት አያስረዳም። እውነትና ሐሰትን የሚለየው በጥንቃቄ የተደረገ ፈተና ነው።

ፈተናውም ቀጠለ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርስቲ ተመራማሪዎች የቡልጋሪያው ባክቴሪያ በሰው አንጀት ውስጥ መኖሪያ እንደማያገኝ አሳዩ። ትልቁ አንጀት ጎጂ ነው የሚለውም አስተሳሰብ ስሕተት ሆኖ ተገኘ። በሌላ በኩል ግን በአንጀት የሚኖሩት ረቂቅ ተሐዋስያን በጤናችን ላይ ትልቅ ድርሻ አላቸው የሚለው መሠረታዊ ሐሳቡ ጸና። በ1930 ጃፓናዊው ሚኖሩ ሺሮታ የሆድን አሲድ ተቋቁሞ የሚያልፍ ባክቴሪያ ለይቶ አራባ። ዛሬ በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለጤና ጥቅም የሚሰጡ ሕያው ተሐዋስያን ፕሮባዮቲክ ይባላሉ።

ሜችኒኮፍ እርጎን ሲያጠና በዚያው ዘመን ሌሎች ሊቃውንት ሰውነት የራሱን መከላከያ በስሕተት እንደሚጠቀም ደረሱበት። የፈረንሳዩ ሻርል ሪሼ በዚህ ምርምር በ1913 የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ የኦስትሪያው ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ደግሞ በ1906 ለነገሩ አለርጂ የሚል ስም አወጣለት። በአለርጂ የተያዘ ሰው ሰውነት የአበባን ብናኝ፣ ወተትን፣ ለውዝን ወይም ሰሊጥን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዋጋል። ቆዳ ያሳክካል፣ አፍንጫ ይፈሳል፣ ትንፋሽ ያጥራል። በ1997 የወጣ የጅማ አካባቢ ጥናት አስም በከተማ ከሚኖሩት ይልቅ በገጠር በሚኖሩት ዘንድ ያነሰ መሆኑን አሳየ። ከዚህ የተነሣ ብዙዎች የኑሮና የምግብ ለውጥ፣ የአንጀት ተሐዋስያንም መለወጥ፣ ለአለርጂ ምክንያት ይሆን ይሆናል ብለው ጠየቁ።

የተገኘው መልስ አንድ ወጥ አይደለም። በ2001 በፊንላንድ የወጣ ጥናት፣ አለርጂ ባለበት ቤተሰብ ለተወለዱ ሕፃናትና ለእናቶቻቸው ፕሮባዮቲክ ሲሰጥ፣ በሁለት ዓመታቸው የቆዳ ኤክዚማ የያዛቸው ሕፃናት ድርሻ 46 ከመቶ የነበረው ወደ 23 ከመቶ መውረዱን አስታወቀ። ኋላ በሌላ አገር የተደረገ ፈተና ግን ያንኑ ውጤት አላገኘም። በ2018 ደግሞ 2,599 ሰዎች የተሳተፉባቸው 39 ጥናቶች በአንድነት ሲመዘኑ፣ አስቀድሞ የያዘን ኤክዚማ ለማከም ፕሮባዮቲክ ያለው ጥቅም ከምንም የማይቆጠር ሆኖ ተገኘ። የቦካና የረጋ ምግብ ግን በሌላ መንገድ ተስፋ ሰጥቷል። በ2021 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርስቲ ባወጣው ጥናት 36 ጤናማ ሰዎች ተከፍለው ግማሾቹ ለ10 ሳምንት የቦካና የረጋ ምግብ አብዝተው ሲመገቡ፣ የአንጀታቸው ተሐዋስያን ዓይነት በዛ፤ የሰውነት መቆጣት ምልክቶችም ቀነሱ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ አለርጂን የሚፈውስ መሆኑንም አላሳየም።

አሁን ወደ መተማና ወደ ገዳሪፍ ማዕድ እንመለስ። ሱዳናዊው ሊቅ ሐሚድ ዲራር በ1993 የአገሩን የቦኩና የረጉ ምግቦች በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ሰብስቦ አስተዋወቀ። ከእንዲህ ያለው ጥናት የምንማረው አያቶቻችን በልምድ የደረሱበትን ነገር መናቅ እንደማይገባን ነው። እርጎ፣ አሬራና ጋሪስ ሕያው ተሐዋስያንን ይዘው ወደ ሆድ ይገባሉ። እንጀራና ኪስራ ግን ምጣድ ላይ ሲጋገሩ ተሐዋስያኑ በእሳቱ ይሞታሉ። ይህም ሆኖ ማቡካት እህሉን ስለሚለውጠው በውስጡ ያለው የብረት ማዕድን ለሰውነት በቀላሉ እንዲደርስ ያደርጋል። ስለዚህ ሁሉንም የቦካ ምግብ በአንድ ስም ጠርቶ ያንኑ ጥቅም ይሰጣል ማለት ትክክል አይደለም።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ያልፈላ ወተት የብሩሴሎሲስን በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ ወተቱን አፍልቶና አብርዶ በንጹሕ ዕቃ ማርጋት ይገባል። የላም ወተት አለርጂ ላለበት ልጅ እርጎ መድኃኒት ሳይሆን ያው የሚጎዳው ወተት ነው። ትንፋሽ የሚያሳጥር ወይም ፊትን የሚያሳብጥ አለርጂ የያዘው ሰው በእርጎ ሳይዘናጋ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ምግብን ከልጅ ማራቅም ሁልጊዜ አይጠቅምም። በ2015 በእንግሊዝ አገር የወጣ ጥናት፣ ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናት በሐኪም ክትትል ገና በጨቅላነታቸው የተዘጋጀ የለውዝ ምግብ ሲለማመዱ፣ ከተከለከሉት ይልቅ የለውዝ አለርጂ እጅግ አነስተኛ ሆኖ እንደተገኘባቸው አሳይቷል።

የሜችኒኮፍ ሕይወት የሚያስተምረን ይህን ነው። በእሾሁ ምርምር ትክክል ነበር፤ ስለ ትልቁ አንጀት ተሳሳተ፤ በእርጎው ነገር ደግሞ ከፊል እውነት ይዞ ነበር። ሊቅ ያሰኘው ፈጽሞ አለመሳሳቱ አይደለም። ማንም የዘወትር ምግብ አድርጎ በሚያልፈው የረጋ ወተት ላይ ጥያቄ ማንሣቱ፣ ጥያቄውንም ከእርሱ በኋላ የመጡት እንዲፈትኑት በግልጽ ማኖሩ ነው። በመተማም ሆነ በገዳሪፍ ጠዋት ሊጥ የምታቦካ እናት ያንን ጥያቄ በእጇ ይዛዋለች፤ መልሱን ማሟላት ደግሞ ዛሬ በትምህርት ቤት ያለው ትውልድ ድርሻ ነው።